የሸማኔ ቤተሰብን አራት ትውልድ በልብ ወለድ ስጽፍ የረዱኝ ነገሮች

ስለ አንድ የሸማኔ ቤተሰብ አራት ትውልድ የሚተርክ ታሪካዊ ልብ ወለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። ታሪኩ ከጋሞ ደጋ ተነስቶ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። ከ1880ዎቹ ይጀምርና 1983 ዓ.ም. ላይ ያበቃል። የእናቴ አባት ሸማኔ ነበር፤ አባቱም ሸማኔ። ስጀምር የሚያማክረኝ ሰው ፈልጌ ነበር። ስለ ንጉሥና ስለ ጦር አዝማች እንዴት እንደሚጻፍ የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል፤ መሬት ቆፍሮ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን ስለኖረ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ አያታችሁ ሸማኔም ይሁን አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪም ይሁን ቆዳ ፋቂ፣ ታሪኩን ለመጻፍ የምታስቡ ካላችሁ እኔን የረዳኝን ልንገራችሁ።

ዋናውን ነገር በመጀመሪያ ላስቀምጠው። ትውልዶቹን የሚያያይዛቸው ሥራው ይሁን። የነገሥታቱ ዘመን ከሥራው ኋላ ይምጣ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ረቂቅ ሳነብ አድዋ ይመጣል፣ ጣሊያን ይገባል፣ አብዮቱ ይፈነዳል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ዳር ቆሞ ያያል። ሸማኔው ለምን ሸማኔ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም፤ ገበሬ ቢሆንም ነጋዴ ቢሆንም ታሪኩ አይለወጥም። ይሄ ያሳዝነኛል። ሸማኔ ቤት ታሪክ የሚገባው በክር ዋጋ ነው። በደንበኛ ነው። ትናንት ጥለት ያለው ነጠላ ታዝ የነበረችው እመቤት ዘንድሮ ለምን እንደቀረች በማወቅ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሁለት ጥያቄ አስቀመጥኩ። በዚህ ዓመት ክሩ ከየት መጣ? ጨርቁንስ ማን ገዛው? እነዚህን ሳልመልስ ምዕራፉን አልጀምርም ነበር። ሁለቱን ከመለስኩ ግን ዘመኑ ራሱ ይመጣል፤ ማንም ቆሞ «አሁን እኮ የእቴጌ ዘውዲቱ ዘመን ነው» ማለት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። የባለ እጅ ቤተሰብ ታሪክ ስትጠይቁ መጀመሪያ የምታገኙት ዝምታ ነው። እኛ ቤት አያቴ «ነጋዴ» ነበር የሚባለው። ሸማ ይሸጥ ነበርና ውሸት አልነበረም፤ የሚሸጠውን ማን እንደሠራው ግን ማንም አያነሳም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአገራችን ባለ እጅ ሲሰደብ ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚሠራው ፋቂ እየተባለ ተንቋል፤ ቡዳ ነው ተብሎ ተፈርቷል፤ ከልጁ ጋር መጋባት ነውር ሆኗል። ነገሩ ስለበዛ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁን ሳነብ የገረመኝ የስድቡ ዝርዝር ነው። ንጉሠ ነገሥት አንድ በአንድ የሚቆጥረው ስድብ በየደጁ የሚሰማ መሆን አለበት። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን እኔ ልጅ እስክሆን ድረስ ቆየ።

እና ዝምታውን ለመስበር አትቸኩሉ። ማን ደበቀ? መቼ ደበቀ? ከማን ደበቀ? እነዚህ ሦስቱ ለእኔ የልብ ወለዱ አከርካሪ ሆኑ። አንዷ ገጸ ባሕርይ ለሠርጓ የራሷ አባት የሸመነውን ቀሚስ ለብሳ፣ «ከሱቅ የተገዛ ነው» የምትልበት ምዕራፍ አለ። አባትየው እዚያው ቆሞ ይሰማል። ይሄንን ምዕራፍ ከማንኛውም ጦርነት በላይ እወደዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው። ጋሞ ደጋ ላይ ሽመና የሚያስንቅ ሥራ አልነበረም። ሸማኔው መሬት ያለው፣ እንሰት የሚተክል፣ በጉባኤ ላይ የሚናገር ሙሉ ሰው ነው። አዲስ አበባ ሲመጣ ነው የተናቀው። ዶርዜም ሆነ ከሌላ የጋሞ አካባቢ የመጣ፣ ሁሉም «ዶርዜ» በሚል አንድ ስም ተጠራ፤ ስሙም ስድብ ሆነ። ግን ያው ሰው አገሩ ሲመለስ ደግሞ ከሸክላ ሠሪና ከቆዳ ፋቂ ቤት አያገባም ነበር። እዚያም የተገለሉ ባለ እጆች አሉ። ይሄን ስጽፍ ከዘመዶቼ አንዳንዶቹ ቅር አላቸው። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም፤ ቅድመ አያቱን ንጹሕ ተበዳይ ብቻ ካደረግኩት ሰው መሆኑ ይቀርና ሐውልት ይሆናል። እናንተም የቤተሰባችሁን ግፍ ስትጽፉ ቤተሰባችሁ የሠራውን ግፍም ፈልጉ። አይጠፋም።

ሰው ስለማናገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው። ለሽማግሌ «ስለ ጣሊያን ዘመን ይንገሩኝ» ካላችሁ የሚነግሯችሁ ትምህርት ቤት የተማራችሁትን ነው። ጃንሆይ ተሰደዱ፣ አርበኛ ጫካ ገባ። ታሪክ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ታሪክ ይመስላል ብሎ ያሰበውን ነው የሚመልሰው። ጉለሌ የሚኖሩ አንድ አባት አሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሸማኔ የነበሩ። እሳቸውም እንዲሁ ጀመሩልኝ። ይዤው የሄድኩትን አሮጌ መወርወሪያ፣ ሸማኔ ክሩን ወዲያና ወዲህ የሚያሳልፍበትን ዕቃ፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና «አባባ፣ ያን ጊዜ አባትዎ የት ቁጭ ብለው ነው የሚሠሩት?» አልኳቸው። መወርወሪያውን ገለበጡት። ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤ የተሰነጠቀ ቦታ አግኝተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጀመሩ።

አባታቸው ጉድጓዱን ከደጅ ወደ ቤት ውስጥ አዙሮት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጥሎ ከተማው ውስጥ ሰው በሚታረድበት ሰሞን፣ ቤት ያለ ሁሉ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። እህል የለም። ያለው የተጀመረ ጋቢ ብቻ ነው፤ ካልተጨረሰ አይሸጥም። ችግሩ የሸማኔ ዕቃ ዝም አይልም። ማጉ፣ በቁመት በተወጠረው ድር መሀል አግድም የሚያልፈው ክር፣ በገባ ቁጥር እየተመታ ይጠብቃል፤ ጸጥ ባለ ሰፈር ደግሞ ያ ምት ሩቅ ይሰማል። አባትየው ማጉን በእጁ ብቻ እየገፋ፣ ሳይመታ፣ ሌሊት ሌሊት ሠራው። «ሰነፍ ሸማኔ የሠራው የሚመስል ልል ጋቢ ወጣው» አሉኝ። «ገዢው ግን አልተከራከረም። እሱም የዚያ ሰሞን ሰው ነው።»

ይሄን የትኛው መጽሐፍ ላይ አገኘዋለሁ? ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። መዶሻ፣ ወስፌ፣ እንዝርት፣ ምንም ይሁን። እጅ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ስለ ዘመኑ ሳይሆን ስለ ሥራው ጠይቁ። የት ትቀመጡ ነበር? ማን ያቀብላል? ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ? ገንዘቡን ማን ይይዛል? እጅ የሚያስታውሰውን አፍ ብቻውን አያስታውስም።

ሴቶቹን ሳታናግሩ ደግሞ አትጻፉ። ይሄን ከልቤ ነው የምለው። የሸማኔ ታሪክ ሲነሳ ሁላችንም የምናየው ወንዱን ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያ ሲወረውር። ግን ከመወርወሪያው በፊት ያለውን ሥራ እዩት። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ ይጠቀለላል፣ ልቃቂት ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ድሩ የሚዳወረው፣ ማጉም በቀሰም ተጠቅልሎ መወርወሪያ ውስጥ የሚገባው። መፍተል ከመሸመን የበለጠ ጊዜ ይበላል። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ሴቶች ሲፈትሉ መዋል አለባቸው። ጋቢ ደግሞ በአራት የሚደረብ ነው፤ ስንት ልቃቂት እንደሚውጥ አስቡት። ሰዓቱ ተቆጥሮ ቢከፋፈል ያ ጋቢ በአብዛኛው የሴቶቹ ነው። ስሙ ግን የሸማኔው።

አንዲት እማማ እየፈተሉ አናግረውኛል። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ያሾሩታል፣ ይለቁታል፣ እየሾረ ይወርዳል፣ ክሩ ከጣታቸው እየረዘመ ይወጣል። ወሬያቸው ከእንዝርቱ ጋር ይሄዳል። እንዝርቱ ሲወርድ ያወራሉ፣ ሲጠቀልሉ ዝም ይላሉ። ክሩ ሲበጠስ ወሬውም ይቋረጥና ሲቀጠል ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ሙሽራ ሆነው ሲገቡ አማታቸው መጀመሪያ ያዩት መልካቸውን ሳይሆን ፈትላቸውን እንደነበር ነገሩኝ፤ ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩት አሉ። የልጆቻቸውን ደብተርና እርሳስ የገዙት ማታ ማታ ለሰው በፈተሉት ፈትል ነው፤ ባላቸው አያውቅም። ቤት ስመለስ የሁለተኛው ትውልድ ተራኪ ማን እንደሆነች አወቅኩ። እስከዚያ ድረስ አያቴ ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው። አያቴ አይደለም። ሴት አያቴ ናት።

ከማናገር ቀጥሎ ሥራውን በሰውነታችሁ ቅመሱት። ባለሙያ አትሆኑም፤ አያስፈልግምም። ግን አንድ ሸማኔ ለምናችሁ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ እግራችሁን አስገቡ፣ መርገጫውን ሞክሩ። ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ቅዝቃዜው ከመሬት ተነስቶ ጉልበት ድረስ ይወጣል። አያቴ በስተርጅና ለምን ያነክስ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እዚያ ተቀምጬ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ንግግር እንዴት እንደምጽፍ ለወጠው። የሚሸምን ሰው የሚያናግረውን ሰው አያይም። ዓይኑ ድሩ ላይ ነው። እና ከባድ ነገር መናገር የሚፈልግ ልጅ አባቱ ሥራ ላይ እስኪቀመጥ ይጠብቃል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት አይኖርማ። አንድ አንቀጽ ከመጽሐፌ ላሳያችሁ።

«ተበጠሰ» አለ አባት፣ ቀና ሳይል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ጫፎች ፈለገ። በምራቁ አርሶ በጣቶቹ መሀል አሸ፣ ቀጠለው። «ትምህርት ቤት ተቀበሉኝ» አለ ቋጠሮውን እያየ። መወርወሪያው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። «በስንት ሰዓት ነው የሚለቋችሁ?» አለ አባት።

እዚህ ላይ «አባት ልጁ ከሙያው መውጣቱ አሳዘነው» ብዬ ብጽፍ ምን ይጨምራል? አባትየው የጠየቀው ሰዓት ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ክር የሚቀጥልለት እጅ ይኖረው እንደሆነ። ሥራውን ስታውቁት እንዲህ ዓይነቱን ነገር ራሱ ይሰጣችኋል።

ዘመኑን ስለማስላት ጥቂት ልበል፣ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ስለሆነ። ትልቅ ወረቀት ዘርግቼ በአንድ በኩል የቤተሰቡን ልደት፣ ጋብቻና ሞት፣ በሌላ በኩል ሥራውን የነካውን የአገር ነገር ብቻ ጻፍኩ። ሥራውን ካልነካ አይገባም። እንዲህ ሲሆን ዝርዝሩ ከምትጠብቁት ይለያል። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የነበረው ክፉ ቀን ገባ፤ ከብት አልቆ፣ ሰው ተርቦ ጨርቅ የሚገዛ ጠፍቷልና። የጋሞ አገር በምኒልክ ሥር መግባት ገባ፤ ሸማኔው ገባር ሆነ፣ የሚሸምነውም ለሌላ ሆነ። የባቡሩ ሐዲድ ገባ፤ ድሬዳዋ በ1895 ደርሶ አዲስ አበባ በ1909 ሲገባ፣ የፋብሪካ ክርና አቡጀዲ አብሮ እየረከሰ መጣ። ይሄ ለሸማኔ ሁለት ስለት ነው። አቡጀዲው ገበያውን ይወስዳል፤ የውጭው ድር ግን ጠንካራና የማይበጠስ ስለሆነ ሥራውን ያፈጥናል። በአንድ ቤት ውስጥ አባት የውጭውን ድር «ነፍስ የለውም» ሲል ልጅ ግን በደስታ ሲያዳውረው አስቡ። የትውልድ ጠብ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

የኅዳር በሽታ፣ በ1911 ዓ.ም.፣ ሌላው ነው። ለመግነዝ ጨርቅ የሚፈልገው ሰው ብዛት አንድን ሸማኔ ምን እንደሚያደርገው አስቤ አስቤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ወጣው። ሥራው ሞልቷል፣ ገንዘቡም ይገባል፤ ሰውየው ግን ለጎረቤቱ ልጅ የመጨረሻ ልብሷን እየሠራ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ የባህር ዳሩን የመሰሉ ትልልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሥራ ላይ ነበሩ። ከ1967 በኋላ ሸማኔው በማኅበር ተደራጅ ተባለ። አድዋን በተመለከተ ሁለት ገጽ ብቻ ነው ያለኝ። ሰው ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ግን የእኔ ቤተሰብ ስለ አድዋ ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ባልነበሩበት ቦታ ላቆማቸው አልፈለግኩም።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ ተጠንቀቁ። የውጭ ሰው የጻፈውን ማስታወሻ ወይም ፎቶግራፍ ስትጠቀሙ ቀኑ በፈረንጆች ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ይቀነሳል፤ የፈረንጆቹ ጥር ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት። «ስምንት ቀንስ» ብላችሁ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁ የኅዳር ነገር በዓመት ይሳሳትባችኋል፣ ከዚያ ልጅ ከመጸነሱ በፊት ይወለዳል። ወሩን ካላወቃችሁ ዓመቱን በቁርጥ አትጻፉት፤ «ዝናብ በጠፋበት ዓመት» በሉት። ሽማግሌዎቹም የሚቆጥሩት እንደዚያ ነው።

ገንዘቡም እንደዚሁ። በ1890ዎቹ ያለ ሸማኔ ለሸማው የሚቀበለው ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር ነው፤ ወይም አሞሌ ጨው፣ ወይም እህል። የጠገራው ግማሽ አላድ ይባላል። የወረቀት ብር ኪሱ ከታችሁ «ሃምሳ ሳንቲም መለሰለት» ካላችሁ አንባቢ ወዲያው ይነቃል፤ በሳንቲም የሚቆጠረው ገንዘብ ከ1937 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው የተስፋፋው። ለእንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር የቆዩ ጋዜጦች ወርቅ ናቸው። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄዳችሁ ብርሃንና ሰላምን፣ ከነጻነት በኋላ ደግሞ አዲስ ዘመንን አገላብጡ። ርዕሰ አንቀጹን ለሌላ ቀን ተዉት። ማስታወቂያውን አንብቡ። ማን ምን ይሸጣል፣ ምን ጠፋብኝ ይላል። የሰው ኑሮ ያለው እዚያ ነው።

ጋሞ ላይ ያገኘሁት አንድ የዘመን መቁጠሪያ ግን ከሁሉም በለጠብኝ። የዶርዜን ቤት አይታችሁ ይሆናል፤ ከቀርከሃ ተጎንጉኖ እንደ ቅርጫት የሚሠራ፣ ከፊት ለፊት የዝሆን ፊት የሚመስል ረጅም ቤት። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። የተበላው ሲቆረጥ ቤቱ ዝቅ ይላል። እንዲህ እያለ ከዓመት ዓመት ያጥራል፣ ሰው ግን ይኖርበታል። በልብ ወለዱ የመጀመሪያው ሙሽራ የገባበትን ቤት የልጅ ልጁ ሲመለስ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ዓመት መጥቀስ አላስፈለገኝም። እናንተም አገራችሁ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ፈልጉ፤ የሚያልቅ፣ የሚያጥር፣ የሚደማመር ዕቃ። ለአንጥረኛ ቤት እየተሳለ የሚቀጥን ቢላ ሊሆን ይችላል።

ስም ላይ ደግሞ ትንሽ ጣጣ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ የልጅ ልጅ በሌላ። አራት ትውልድ ሲሆን አንባቢ ማን የማን እንደሆነ ይጠፋዋል። መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ የዘር ሐረግ መሳል ይረዳል፤ እኔ ግን ለእያንዳንዱ ትውልድ የአሠራር ምልክት ሰጠሁ። አንዱ ጥለቱን ሁልጊዜ በቀይ ይጀምራል። አንዷ ክሯን ከሰው ሁሉ አቅጥና ትፈትላለች። አንዱ ጠርዙ ላይ አንድ መስመር ሆን ብሎ ይስታል። አንባቢው ስሙን ቢረሳ እጁን ያውቀዋል። ስማቸውንም በዘመናቸው አውጡላቸው፤ አዲስ አበባ ሲገቡ ክርስትና ተነስተው ስም የለወጡ ብዙ ናቸው። ያ ለውጥ ራሱ ታሪክ ነው።

አነጋገርን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ እንደ ዜና መዋዕል እንዲያወራ አታድርጉ። የ1890ዎቹ ሸማኔም እንደ ሰው ነው የሚያወራው። እኔ ያደረግኩት የዘመኑን ሰው ለመምሰል ከመሞከር ይልቅ ያልነበረውን ማውጣት ነው። «ፕሮግራም» የለም፣ «ችግር የለም» የለም፣ «ሃያ ደቂቃ» የለም። አንቱታው ይጠበቅ። ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ ልጅ አባቱን «አንተ» ቢል እንኳ ሰው ፊት አይልም። ሸማኔ ደንበኛው ደጅ ሲቆም «ጌታዬ» እያለ፣ ደንበኛው «አንተ ሸማኔ» እያለ የሚነጋገሩበት አንድ ገጽ፣ ስለ መደብ ከተጻፈ ሦስት ገጽ ሐተታ የበለጠ ይናገራል።

ከሁሉም የከበደኝ ሙያውን የተወው ትውልድ ነው። እናቴ ማለት ነው፣ ከዚያም እኔ። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ መጨረሻው ላይ «ሙያው ጠፋ፣ ወዮ» ወደሚል ለቅሶ ይገባል። ወይም ደግሞ የልጅ ልጅ ከቢሮ ተነስቶ የአያቱን መወርወሪያ ያነሳል። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። አያቴ ልጆቹ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገቡ ብሎ ነው እድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው። ፈቃዱ እንደነበር አምናለሁ። ጉልበቱን ያየ ሰው ሌላ ነገር አይመኝለትም። ግን ደግሞ እናቴ አሁንም ነጠላ ስትገዛ ጨርቁን ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፣ ጠርዙን በጣቷ ትስባለች፣ ነጋዴው «ምን አገኙበት እትዬ?» ሲላት ዝም ትላለች። ለመጨረሻው ትውልድ የጻፍኩት ይሄን ነው። ሥራው ከእጅ ወጥቶ ዓይን ውስጥ ቀርቷል። የቀረውን ትክክለኛ ቦታ ፈልጉ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀራል።

ቤተሰብን ማስፈቀድ አይቀርም። ልብ ወለድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ስም ብትለውጡም ሰፈሩ ያውቃል። እኔ ረቂቁን ከማሳተሜ በፊት ለትልልቆቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ በየተራ። ማንበብ ለማይችሉት ይሄ ግድ ነው፤ ለሚችሉትም ሲሰሙት ይለያል። አንድ አጎቴ ስለ ሠርጉ ምዕራፍ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ የተቆጣው ስለ ድሩ ነው። ክሩ በሚያልፍበት ቅደም ተከተል ተከራከረኝ፣ እርሳስ ወስዶ በሥዕል አሳየኝ፣ አራት መስመር ተስተካከለ። አንዲት አክስቴ ግን አንድ ነገር አውጪው አለችኝ፣ አወጣሁት። ምን እንደሆነ አልናገርም። መጽሐፉ አልጎደለበትም። በሕይወት ያለ ሰው የሚጎዳ ከሆነ አውጡት፤ የሞተ ሰው የደበቀውን ግን አመዛዝናችሁ ጻፉት።

አሁን ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ ለጋሞ ሰዎች በተለይ፣ መስቀልን አታሳልፉት። አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ሁሉ ሥራውን ዘግቶ አገሩ የሚገባበት ጊዜ ነው። በዓመቱ ውስጥ አያት፣ አጎት፣ የተጣላ ወንድም፣ ሁሉም አንድ ቤት የሚያድሩበት ሌላ ቀን አታገኙም። በዋናው ቀን አትጠይቁ፤ ማንም ጊዜ የለውም። ከበዓሉ በኋላ ባሉት ቀናት፣ እንግዳው ሲቀንስ፣ ጠዋት ላይ አባቶቹ ፀሐይ ሲሞቁ ሂዱ። ስልካችሁን ለድምፅ ቅጂ አስፈቅዱ፣ ባትሪውን ሙሉት። አንድ የሥራ ዕቃ ያዙ። ስትመለሱ የቀዳችሁትን በዚያው ሳምንት ወደ ጽሑፍ ገልብጡት፤ ድምፅ ብቻውን ሲቆይ ማን የማን ድምፅ እንደሆነ ይጠፋል።